የማቴይ ዝዴራ ስምንተኛ ዜማ

ማቴይ ዝዴራን በየትኛውም የሙዚቃ መጽሐፍ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። እኔ ግን በአሥራ አንድ ዓመቴ የትኛው ጆሮው እንደማይሰማ ሳይቀር አውቅ ነበር። ፕራግ ባለችበት፣ ቦሄሚያ በሚባል አገር፣ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ይጫወት የነበረ ሰው ነው። ለመስፍኑ አላጎበድድም በማለቱ ግንብ ውስጥ ቆለፉበት። ወረቀት ስለሚነፍጉት ዜማዎቹ ሁሉ አጫጭር ናቸው፤ ረጅሙ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ የፒያኖ አስተማሪዬ ዶኛ ኤርሲሊያ ናቸው፤ እሳቸው ያሉትን አለማመን የሚባል ነገር ደግሞ እኔ ዘንድ አልነበረም።

የምንኖረው ሞንቴቪዴዮ ነበር፤ ወታደሮቹ አገሩን ከያዙ አራተኛ ዓመታቸው። ነሐሴ እኛ ዘንድ የብርድ ወር ነው፤ ከወንዙ የሚነሣው ነፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሰኞና አርብ ለትምህርት ዶኛ ኤርሲሊያ ቤት ስገባ ግን የባሕር ዛፍ ሽታ ይቀበለኛል። የላምባ ማሞቂያቸው ላይ ውሃ በጣሳ ይጥዱና ቅጠል ይጨምሩበታል፤ ጣቶቼን እዚያ ላይ አሙቄ ነው ፒያኖው ጋ የምቀመጠው። ከፒያኖው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር ነበር፤ ከሚስማሩ ሥር ፎቶግራፍ የወረደበት ነጣ ያለ ቦታ። የሞተው ባላቸው ፎቶ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው።

ስድሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ቀጭን ሴት ነበሩ። ሲያስተምሩ አይቆጡም፤ ስሳሳት እጄን ከቁልፎቹ ላይ በቀስታ ያነሡና «እንደገና፣ የኔ ልጅ» ይላሉ። ጥሩ ከተጫወትኩ ደግሞ ትምህርቱ ሲያልቅ ከማቴያቸው አንድ ተራ ይሰጡኛል። ማቴ የሚባለው የቅጠል መጠጥ እኛ ዘንድ ለጥም ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ ያለበት ቅል ሙቅ ውሃ እየተሞላ በአንዲት የብረት መምጠጫ ከሰው ሰው ይዞራል፣ ተራህ ከተዘለለ ከሰው አልተቆጠርክም ማለት ነው። አንድ ጊዜ አክስቴ ገና ልጅ ነሽ ብላ ዘለለችኝና እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። ዶኛ ኤርሲሊያ ግን አንድም ቀን ዘለውኝ አያውቁም።

ድሮ በመንግሥት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ለምን እንደለቀቁ እናቴን ብጠይቃት ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ፤ ለአክስቴ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲ ሰጥተዋቸው እኮ ነው» ስትላት ሰማኋት። አሃ፣ ፈተና ወድቀው ነው አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስብከነከን ሰነበትኩ። እሳቸውን የመሰለ ሙዚቀኛ ፈትኖ ሲ የሚሰጥ ደንቆሮ ማን ይሆን?

አሁን እንደማንኛውም ሰው አውቀዋለሁ። መንግሥት ያን ጊዜ ሰውን ሁሉ በሦስት ፊደል ይመድብ ነበር፤ ኤ የሚታመን፣ ቢ የሚጠረጠር፣ ሲ የመንግሥት ደጅ የማይረግጥ። የዶኛ ኤርሲሊያ ጥፋት ልጅ መውለዳቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ወደ ማታ፣ ልብስ ሰፊ የነበረችው እናቴ ያሳጠረችላቸውን ካፖርት አድርሺ ብላ ላከችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ዘው ብዬ ገባሁ። ዶኛ ኤርሲሊያ ወጥ ቤት ተቀምጠው፣ የወንድ ሸሚዝ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ኮሌታውን በመርፌ ይተረትራሉ። እግራቸው ሥር ከረጢት አለ፤ ከከረጢቱ ያደፈ የወንድ ካልሲና የውስጥ ልብስ ተዝረክርኳል። ድንገት መርፌውን አስቀመጡና ሸሚዙን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊታቸውን ቀበሩበት። አሸተቱት። ብዙ አሸተቱት። እኔ ካፖርቱን እንዳቀፍኩ ደርቄ ቀረሁ።

ቀና ብለው ሲያዩኝ ሸሚዙን ጠረጴዛው ሥር ወረወሩት። «ሳታንኳኪ ነው የምትገቢው?» አሉ፤ ድምፃቸው የሳቸው አልመሰለኝም። ወዲያው ራሳቸውን ገቱና ጉንጬን ሳሙኝ፣ ከዳቦ ቤት የመጣ ጣፋጭ ብስኩት በወረቀት ጠቅልለው አስያዙኝ። እኔ ግን ነገሩ ወለል ብሎ ታይቶኛል። ዶኛ ኤርሲሊያ ወዳጅ ይዘዋል። ልብሱን የሚያጥቡለት ሰውዬ አለ፤ የባላቸውንም ፎቶ ያወረዱት ለሱ ብለው ነው። ቅናት እንዴት እንደሚያንገበግብ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ቤት እንደገባሁ ለእናቴ ዘረገፍኩት። እናቴ እጇን አንሥታብኝ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን በጥፊ አለችኝ። ከዚያ ደንግጣ አቀፈችኝና ጆሮዬ ሥር «ስለ ሸሚዙ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ለማንም። ገባሽ?» አለችኝ። ገባኝ። ልጅ ሆኜ ስለዚያ ሸሚዝ ለአንድም ሰው አልተነፈስኩም። አፌ ጠባቂ ነው፤ ጠብቅ የተባለውን ይጠብቃል።

ሸሚዙ የልጃቸው የዊልማር ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሙዚቃ ያጠና፣ ከሙዚቃው ይልቅ ግን በተማሪዎች ስብሰባ የታወቀ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ትልቅ እስር ቤት አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። እናቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ሐሙስ ሐሙስ ይጎበኙታል። በመስታወት ማዶ ለማዶ ሆነው በስልክ ያወራሉ፤ ስልኩን ወታደር ያዳምጣል። ከዚያ የታጠበ ልብስ አስገብተው ያደፈውን ተቀብለው በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ካደፈው ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ጫፍ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ በማይበልጥ ኖታ፣ አንድ ዜማ ተጽፏል። ዶኛ ኤርሲሊያ በአጉሊ መነጽር ወደ ትልቅ ወረቀት ይገለብጡታል፣ ትንሿን ወረቀት ያቃጥሏታል። አርብ እኔ ስመጣ «ፕራግ ያለችው የአክስቴ ልጅ አዲስ የዝዴራ ዜማ ላከችልን» ይሉኛል። አንዳንዴ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። የልጃቸው ሙዚቃ አንድ ቀን በአዳራሽ፣ በሰው ፊት እንዲሰማ፤ ከዚያ በሐሙሱ ስልክ «ዝዴራን አጨበጨቡለት» ሊሉት። ለዚህ ደግሞ ከእኔ ጣቶች ሌላ አልነበራቸውም፤ ሲ የተሰጠው ሰው መድረክ ላይ አይወጣም።

ብቻዬን አንድ ሙሉ ዝግጅት እንዳቀርብ ወሰኑ። የሰፈራችን ማኅበር አዳራሽ ለቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተያዘ። ዝርዝሩን ሲያዩት እናቴና አክስቴ ራሳቸውን ያዙ። የለመዱት ባኽና ቾፒን አለ፤ በእያንዳንዱ መካከል ግን አንድ ዝዴራ ተሰንጎበታል፤ ጭብጨባ ሳይጠበቅ፣ እጄ ሳይነሣ፣ ከታወቀው ዜማ ወደማይታወቀው ቀጥታ እንድገባ። በጠቅላላው ሰባት። የዝዴራ ዜማዎች ሲጀምሩ የጥንት ይመስላሉ፤ መሀል ላይ ግን አንዱ እጅ ሌላውን ጥሎ ይሄዳል፣ የሆነ የሚጎረብጥ ድምፅ ይመጣና እዚያው ይቀራል።

እናቴ የካፖርቱን ልክ ልይ በሚል ሰበብ ልታግባባቸው ሄደች። ሰው የሚመጣው ዋልስ፣ የለመደውን የዳንስ ዜማ ሊሰማ ነው፣ ይህን ማን ያውቀዋል፣ ልጅቷ መሳቂያ ትሆናለች አለች። ዶኛ ኤርሲሊያ እስከ መጨረሻው አዳመጧትና «ያልለመደው ጆሮ በለመደው መካከል ካልሆነ አይሰማውም» ብለው ማቴውን አቀበሏት። እናቴ ተቀብላ ጠጣች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋልስ አላነሣችም። ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ተተርትሮ የተሰፋ ኮሌታ አይታ ታውቃለች።

ዝርዝሩ ፖሊስ ጣቢያ ማህተም ሳይመታበት ዝግጅት የሚባል ነገር አይታሰብም ነበር። በሦስት ቅጂ፣ ከእያንዳንዱ ደራሲ የልደትና የሞት ዘመን ጋር ተጽፎ ይቀርባል። ዶኛ ኤርሲሊያ እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ባለማህተሙ ፀጉሩን በውሃ ያስተኛ፣ ጥፍሩን የሚንከባከብ ሰውዬ ነበር። በእርሳሱ ወደታች ወረደና ቆመ።

«ይሄ ዝዴራ ሩሲያዊ ነው?»

«ቦሄሚያዊ ነው» አሉ።

«ቦሄሚያ አሁን በማን እጅ ናት?»

ያን ጊዜ በኮሚኒስቶች እጅ ነበረች፤ ዶኛ ኤርሲሊያ ቀለማቸው ሲለወጥ አየሁ። አላስቻለኝም፤ ሞቷል እኮ ጌታዬ ብዬ ገባሁበት። ስለ ግንቡ፣ ስለ መስፍኑ፣ ስለማይሰማው ጆሮው አንድ በአንድ ተረኩለት። የዶኛ ኤርሲሊያ ጣቶች ትከሻዬን ሲጨብጡኝ፣ አይዞሽ ቀጥይ ያሉኝ መሰለኝ። ሰውዬው ሳቀ። ታዲያ ምን ቸገረው፣ ቢታዘዝ ኖሮ ወረቀት በሰጡት ነበር አለ። ከዚያ ማህተሙን ሦስት ጊዜ መታና፣ ከዚህ ዝርዝር ውጭ አንዲት ኖታ እንዳትሰማ፣ እኔ ራሴ መጥቼ አዳምጣለሁ አለ። በደስታ ክንፍ አወጣሁ። የመጀመሪያ አድናቂዬ ነበር።

በመንገድ ላይ ዶኛ ኤርሲሊያ ቆም ብለው ፊቴን ወደ ፊታቸው አቀኑት። «ሰው ድገሚ፣ ጨምሪ ቢልሽ እጅ ነሥተሽ ትወጫለሽ። ጭማሪ የለም።»

«ቢጮኹስ?»

«ጣሪያው ቢወርድም።»

ቅስሜ ተሰበረ። ፒያኖ የሚማር ልጅ ሁሉ የሚያልመው ያንን ነው፤ ሰዉ አልጠግብ ብሎ ሲጮኽ ተመልሶ መቀመጥን። የከለከሉኝ የማልረባ ብሆን ነው አልኩ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ሰውዬያቸው ጋ ሆኖ ለእኔ አልተረፈም አልኩ።

ከዝግጅቱ በፊት ባለው አርብ ስሄድ ዶኛ ኤርሲሊያ ዓይናቸው ቀልቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አዲስ ወረቀት አለ። ስለሱ ምንም ሳይሉኝ ላምባ ሻጩ አንኳኳና ወጡ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ስምንተኛ ዝዴራ። እኔ አንድን ኖታ ሁለት ጊዜ ካየሁት አይጠፋኝም፤ ተሰጥኦዬ ይኸው ነበር፣ ዛሬም አለ፣ አልተመረቀልኝም እንጂ። ሁለት ጊዜ አየሁት። ከሌሎቹ ሁሉ የሚያምር ነበር፤ ቀኝ እጅ ብቻውን ይጀምራል፣ ግራው ዘግይቶ እንደ ደከመው ሰው ይከተላል። አምስተኛው መስመር መሀል ላይ ግን ተቋርጧል። ገልብጠው ሳይጨርሱ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ያን ማታ እራት ጠረጴዛ ላይ በጣቶቼ እየነካካሁ ተለማመድኩት። መጨረሻ ስለሌለው መጨረሻ ሠራሁለት፤ ሁለት ደስ የሚሉ ኮርዶች፣ ብዙ ቁልፍ በአንዴ ተነክቶ የሚወጡ ድምፆች፣ በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ዓይነት። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ሰውዬው የማይሰጣቸውን ስጦታ እኔ እሰጣቸዋለሁ። በሕዝብ ፊት ዝዴራቸውን ሳይጠብቁት እጫወትላቸዋለሁ፤ ያኔ ማን እንደሚወዳቸው ያውቃሉ።

አዳራሹ ከመብረዱ የተነሣ ሰው ካፖርቱን አላወለቀም። ባለማህተሙ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዝርዝሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት አይቻቸው የማላውቅ ሰባት ስምንት ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም ሸበቶ፣ ሁሉም ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ የጨበጡ። የዶኛ ኤርሲሊያ እህቶች መሰሉኝ። በሐሙሱ አውቶቡስ አብረዋቸው የሚሄዱ እናቶች መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ጥሩ ተጫወትኩ። ይህን ለመናገር አላፍርም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ከባኹ ወደ መጀመሪያው ዝዴራ ስሻገር አዳራሹ ውስጥ የወንበር ሲጥ የሚል ድምፅ እንኳ ጠፋ። ሰዉ ግራ ተጋብቷል፣ ግን አልተንቀሳቀሰም። በየመካከሉ የባለማህተሙ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ጫር ስታደርግ እሰማታለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያለ ሰባቱንም ምልክት አደረገባቸው። በሰባተኛው ላይ ከኋላ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። ዝዴራ አሳዘናት አልኩ፤ የግንቡን ታሪክ ሰምታ ይሆናል።

ስጨርስ ሰዉ ተነሣ። የእናቴ ደንበኞች፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ ከግራ በኩል አንድ ሰው «ጭማሪ!» አለ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። ወደ ዶኛ ኤርሲሊያ ዞርኩ። ከመጋረጃው ጎን ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አይሆንም፣ ነይ ውጪ። ባለማህተሙም እያጨበጨበ ነበር። እጅ ነሣሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስምንተኛውን ስጀምር ዶኛ ኤርሲሊያ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በዓይኔ ጠርዝ አያቸዋለሁ። እንባቸው በጣቶቻቸው መካከል ይወርዳል። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በደስታ ነው የሚያለቅሱት፣ አገኘኋቸው አልኩ። የተቋረጠበት ቦታ ስደርስ ሳላመነታ የራሴን ሁለት ኮርዶች ጨመርኩና ዘጋሁት። ባለማህተሙ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እርሳሱ የሚያርፍበት መስመር አጥቷል።

ከዝግጅቱ በኋላ ሳንድዊችና ኬክ ቀረበ። ዶኛ ኤርሲሊያን ሴቶቹ ከበዋቸው ልደርስባቸው አልቻልኩም። ባለማህተሙ መጣና ከቁመቴ እኩል ለመሆን ቁጢጥ አለ። የሽቶው ጠረን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

«የመጨረሻውን ወረቀቴ ላይ አላገኘሁትም፣ የኔ እመቤት።»

«እሱም የዝዴራ ነው።»

«ታዲያ ምነው አልተመዘገበም?»

«ትናንት ነዋ የደረሰው። እርስዎ ማህተም ከመቱ በኋላ።»

«ደረሰ? ከየት?»

«ከፕራግ። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ይደርሳል፣ ሁልጊዜ አርብ አርብ።»

«በየአሥራ አምስት ቀኑ» አለ። «አርብ አርብ።» ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። ፖስታ ቤታችን እንዲህ ቀጠሮ አክባሪ መሆኑን አላውቅም ነበር ብሎ ፀጉሬን ዳሰሰኝ። ከኪሱ የወተት ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። እኔ እዚያው በላሁት፣ መጠቅለያውንም ለማስታወሻ መጽሐፌ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ስለ ሸሚዙ ግን አልተነፈስኩም። አደራዬን ጠብቄ ነበር።

ሰኞ ትምህርት ልሄድ ስል እናቴ ዶኛ ኤርሲሊያ ታመዋል አለችኝ። አላመንኳትም፣ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። በመስኮቱ ሳጮልቅ የፒያኖው ሆድ ተከፍቶ፣ ወለሉ በኖታ ወረቀት ተሸፍኖ፣ ሶፋው ተቀዶ አየሁ። ከሰውዬው ጋር ሊኖሩ ዕቃ እየጫኑ ነው አልኩ። ጭማሪውን የተጫወትኩት ትዕዛዝ ጥሼ ነውና ተቀይመው ሳይሰናበቱኝ ሊሄዱ ነው ብዬ እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀስኩ። እናቴ ሌላ አስተማሪ አገኘችልኝ። ዋልስ ብቻ ነበር የሚያስተምረኝ።

በጥቅምት፣ በእሑዱ የመንገድ ገበያ፣ ቲማቲም ሲመርጡ አየኋቸው። ክስት ብለዋል። ልሸሽ ስል ጠሩኝ። አልተቆጡኝም፣ ስለ ምንም አልጠየቁኝም፤ ይህን ብቻ።

«መጨረሻውን ከየት አመጣሽው?»

እኔ ነኝ የሠራሁት፣ መጨረሻ አልነበረውም አልኳቸው። «ያምራል» አሉ። ከዚያ የትምህርት ቤት ልብሴን ኮሌታ አስተካከሉልኝና ቲማቲማቸውን ይዘው ሄዱ። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ቤታቸውን የፈተሹት መርማሪዎች «አርብ አርብ» ሳይሏቸው አልቀሩም፤ ያንን የሚል አፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ እነዚያ ሸበቶ ሴቶች ነበሩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ወታደሮቹ ወረዱ፤ በመጋቢት እስረኞቹ ሁሉ ተፈቱ፣ ጋዜጣው ስማቸውን ደረደረ። ቤንታንኮር የሚለውን የዶኛ ኤርሲሊያን የቤተሰብ ስም አነበብኩ። በዚያው ገጽ ላይ አንዲት እናት በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ ልብስ ይዛ ስለመመላለሷ ትናገራለች። ሐሙስ። ከሐሙስ በኋላ አርብ ነው። ጋዜጣውን ይዤ በእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ሥር ቁጭ አልኩ። እናቴ መኪናዋን አቆመች። እሷ ሁሉንም ስታውቅ ነው የኖረችው፣ ከባለማህተሙ ጋር ምን እንዳወራሁ ብቻ አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም።

የዚያን ቤት በር እስካንኳኳ አምስት ወር ፈጀብኝ። ነሐሴ ነበር። ዊልማር ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሃምሳ ይመስላል። ሸሚዙን እስከ ኮሌታው ቆልፏል። ማሞቂያው ያው ነው፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ያው ነው፤ ሚስማሩ ላይ ግን ፎቶግራፍ ተመልሷል፣ የአንድ ፂማም ወጣት። የዶኛ ኤርሲሊያን ወዳጅ ያን ጊዜ አየሁት።

የእናቱ ተማሪ እንደነበርኩ ስነግረው «ትንሿ ነሻ» አለኝና አስገባኝ። ማቴ አዘጋጀ። ቅሉ በእኔና በእሱ መካከል እየተመላለሰ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ፒያኖው፣ በፍተሻው ስለተበጠሱት ክሮች አወራን። ወረቀቱ በፍተሻው ተወስዷል፣ የዝዴራን ስምንተኛ ታስታውሺዋለሽ ወይ አለኝ። ተቀመጥኩና ተጫወትኩለት፣ እስከ ሁለቱ ኮርዶች።

«መጨረሻው የኔ አይደለም» አለ።

የኔ መሆኑን ነገርኩት። ፈገግ አለ። የቀረው በሚቀጥለው ከረጢት ነበር የሚመጣው፣ በጭንቅላቴ ይዤው ነበር፤ ኮሌታዬ ሲፈተሽ ተያዝኩና ሁለት ወር ጨለማ ክፍል ከረምኩ፣ ስወጣ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበር አለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር እንደጠፋ ጃንጥላ አድርጎ ነው የሚያወራው። ከዚያ ውሃ እየሞላ ሌላ ነገር አመጣ።

«እስከ ዛሬ ያልገባኝ ግን አለ። የኮሌታውን ነገር እዚያ ውስጥ የምናውቀው ሁለት ነበርን፤ እኔና ኤበር።»

ኤበር ወደብ ላይ የሚሠራ ሰው ነበር አለኝ፣ የእስር ክፍል ጓደኛው። ኖታ አያውቅም። ሲጋራውን እየጠቀለለ የሚያጨሰው እሱ ነው፤ ወረቀቱ የሱ ነበር። በቀን አሥር ያጨስ የነበረው ሰውዬ ለዊልማር ወረቀት እንዲተርፍ ሁለት ላይ ቆመ። ፍተሻው ከመጣ በኋላ እስረኞቹ ሁሉ አሰቡ፣ ቆጠሩ፤ ከኤበር በቀር ሊናገር የሚችል አልነበረም።

«ምን አደረጋችሁት?» አልኩት።

«ምንም። ማቴው ሲዞር እሱ ጋ ሲደርስ ዘለልነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው። አምስት ዓመት። በሳንባ በሽታ ነው የሞተው። የመጨረሻው ሳምንትም ዘለልነው።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም ነበር፤ የሚያውቁት ሴትዮ ሞተዋል። ቅሉ እጄ ውስጥ ነበር፣ ትኩስ ነው። ጠጣሁና መለስኩለት፤ ከዚያ ነገርኩት። ስለ ጭማሪው፣ ስለ ባለማህተሙ፣ ስለ ከረሜላው። ስጨርስ «አርብ አርብ» አለ፤ ልክ እንደዚያ ሰውዬ ቀስ ብሎ።

ቢሰድበኝ፣ ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። እናቱ ታውቅ እንደነበር ብቻ ጠየቀኝ። ያወቁ ይመስለኛል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ስልኩ ላይ ወታደር ስለነበር ልትነግረኝ አትችልም፣ እኔም ስለ ኤበር አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም አለ። ከዚያ ወደ ፒያኖው በአገጩ አመለከተኝ።

«እንደገና ተጫወቺው። ወረቀቱ ያለቀበት ላይ ቁሚ። ከዚያ ወዲያ ኤበር ወረቀት አልነበረውም።»

ተጫወትኩ። አምስተኛው መስመር መሀል ላይ ስደርስ እጄን አነሣሁ። ዊልማር ማቴውን ሞልቶ ጠጣ፣ እንደገናም ሞላው። አሁን ተራው የእኔ ነበር። ቅሉን ወደ እኔ ዘረጋው፣ መንገድ ላይ እጁ ቆመ፤ ከዚያ የፒያኖው ክዳን ላይ፣ ማንም ባልተቀመጠበት በኩል አስቀመጠው። ለትንሽ ጊዜ ሲጤስ ቆየ፣ ኋላ ጭሱ ቀረ። ሁለታችንም አልነካነውም።